ቀድሞ የሚሸጠው ጠቦት፦ ኑሮና ገበያ የደጋውን በግ እንዴት ቀረጹት

በኢትዮጵያ ደጋ የበግ ዘር የሚመረጠው በአብዛኛው ገበያ ላይ ነው። ግብር ሲደርስ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሲጠየቅ፣ ልጅ ሲታመም ወይም ከጎተራው እህል ሲያልቅ ገበሬው ከመንጋው መርጦ የሚያወጣው ቶሎ ያደገውን፣ ላቱ የሰፋውንና መልኩ ያማረውን ወንድ ጠቦት ነው። ደህና ዋጋ የሚያመጣው እሱ ነውና። ዕድገቱ የዘገየው ቤት ይቀራል፤ በመቅረቱም የመንጋው አውራ ይሆናል፤ የሚቀጥለው ዓመት ግልገሎች የእሱ ልጆች ናቸው። የእርባታ ባለሙያዎች ይህን የተገላቢጦሽ ምርጫ ይሉታል። ለረጅም ጊዜ የገበሬው ዕውቀት ማነስ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ይህ አመለካከት ትልቅ ስህተት ነበር። የደጋው ገበሬ ጥሩውን ጠቦት ከደካማው ለይቶ ያውቃል፤ ዋጋውን ስለሚያውቅም ነው ጥሩውን የሚሸጠው። ያጣው ነገር ጥሩውን ይዞ ለመቆየት የሚያስችል ፋታ ነው። ይህ ፋታ እንዴት እየጠበበ እንደመጣ፣ ዘሩን ለማሻሻል የተደረጉት ሙከራዎችም ለምን እንደከሸፉ ወይም እንደሰመሩ የሰሜን ሸዋውን መንዝ ያህል አጉልቶ የሚያሳይ አካባቢ ጥቂት ነው።

ከጥንት እስከ 1870ዎቹ፦ ላት፣ ጠጉርና ውርጭ

ለማዳው በግ የተገኘው በምዕራብ እስያ ነው፤ የወጣበት የዱር ዝርያ በአፍሪካ ምድር የለም። ወደ አህጉሩ ሲገባ ቀድሞ የመጣው ጅራቱ ቀጭን የሆነው ነበር። ላት ያለው በግ የደረሰው ዘግይቶ ቢሆንም በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ቀዳሚውን ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ተካው። ባለ ቀጭን ጅራቱ ዛሬ የሚገኘው በምዕራቡ ቆላ፣ በጉሙዝ ምድር ነው። ላት መኖ በተትረፈረፈበት ወራት የተጠራቀመ ስብ ነው፤ ሣሩ ሲደርቅ በጓ ከዚያ ትኖራለች። ዝናቡ በሚዋዥቅበት አገር ይህ ክምችት በሕይወት የመቆየትና ያለመቆየት ጉዳይ ነበር።

ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው እያንዳንዳቸው በጉን በየራሳቸው መንገድ ለወጡት። በሰሜኑ ደጋ አጭር ላት ያለው፣ በምዕራብና በደቡብ ረጅም ላት ያለው፣ በምሥራቁ ቆላ ደግሞ ስቡ ዳሌው ላይ የተጠራቀመለት የአፋርና የሶማሌ በግ ሰፈሩ። ዶ/ር ሰሎሞን ግዛው እ.ኤ.አ. በ2008 በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጥናት የአገሪቱን በጎች በዘጠኝ ዝርያ ከፍለዋቸዋል። ከእነዚህ አንዱ የመንዝ በግ ነው።

መንዝ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሜዳና ገደል ነው። ገብሱን ውርጭ ይመታዋል፤ በረዶ የደረሰውን አዝመራ በአንድ ከሰዓት ያጠፋዋል፤ በልጉ አንድ ዓመት መጥቶ ሌላ ዓመት ይቀራል። በዚህ አገር ከእርሻው ይልቅ የሚታመነው በጉ ነበር። ያደገች የመንዝ እናት በግ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ትመዝናለች፤ ይህም ከብዙ የዓለም ዝርያዎች ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። ትንሽነቷ ግን ይጠቅማታል፤ ገላዋ የሚጠይቀው መኖ ጥቂት በመሆኑ ትልቋ በግ በምትሞትበት ወር እሷ ትተርፋለች፣ ትወልዳለችም።

የመንዝ ገበሬ ከበጉ የሚፈልገው ሥጋ ብቻ አልነበረም። ሻካራው ጠጉር ይሸለታል፣ ይነደፋል፤ ሴቶች ይፈትሉታል፤ ሸማኔ ዝተት፣ ባናና በርኖስ ይሠራበታል። በዚያ ብርድ ባና የሌለው ቤት ሌሊቱን አይዘልቀውም፤ የተረፈው ለገበያ ይወጣል። ስለዚህ ጠጉሩ የረዘመ በግ ዋጋ ነበረው፤ ጥቁሩም ቢሆን ጠጉሩ ሳይቀለም ለባና ስለሚሆን አይናቅም ነበር።

በዚያው ዘመን የተገላቢጦሹ ምርጫ መነሻም ይታያል። ባለጉልቱና ባለሥልጣኑ በየበዓሉ በግ ይጠብቁ ነበር፤ ሠርግና ድግስም ሙክት ይፈልጋሉ። ሙክት የሚሆነው ከመንጋው ምርጡ ወንድ ነው፤ ከተኮላሸ በኋላ ደግሞ ዘር አይተካም። አስተዋይ ገበሬዎች ከማኮላሸታቸው በፊት ለተወሰኑ ወራት ከእናት በጎች ጋር ያቆዩት ነበር፤ በዚህ ብልሃት የጥሩው አውራ ዘር ሳይጠፋ ይቆይ ነበር። ብልሃቱ የሚሠራው ግን ገበሬው ለመቆየት አቅም ሲኖረው ብቻ ነው።

የግጦሹ ሥርዓትም ይህን አቅም ይሰጥ ነበር። በመንዝ ያለው የጓሳ ሜዳ ቀሮ በሚባል አገር በቀል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር፤ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሣሩ ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲመጣ ብቻ ይከፈታል። መኖ በክፉ ዓመት ከተገኘ ገበሬው መንጋውን አራግፎ ለመሸጥ አይገደድም።

ከ1879 እስከ 1940ዎቹ፦ ከተማ፣ ጾምና መልክ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ተቆረቆረች፤ ወዲያው ክፉ ቀን መጣ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም ባለው ጊዜ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ የአገሪቱን በሬ ጨረሰው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ረሃብ ገባ። በሽታው በዋናነት የሚያጠቃው የቀንድ ከብትን ስለነበር በግ ላለው ሰው በጉ የመጨረሻ መሸሸጊያው ሆነ፤ ለምግብም ለመሸመቻም ዋለ። በደጋው ሰው ዘንድ በግን እንደ ተቀማጭ ገንዘብ የማየት ልማድ ከእንዲህ ያሉ ዘመናት ሥር የሰደደ ነው።

ከተማዋ ስታድግ የበግ ነጋዴው ከመንዝ፣ ከተጉለትና ከወሎ መንጋ እየነዳ የቀናት መንገድ በእግር ይጓዝ ጀመር። የከተማ ገዢ ለጠጉር ግድ የለውም፤ ባናውን ከሸማኔ ይገዛል። የሚፈልገው ለበዓል የሚታረድ፣ ላቱ የሞላ፣ መልኩ ዓይን የሚስብ በግ ነው። ቀይ፣ ነጭና ቦቃ ተፈላጊ ሆኑ፤ ጥቁር ለተወሰኑ ሥርዓቶች ካልሆነ በቀር ዋጋው ወደቀ። በዚህ ምክንያት ገበሬው ጥቁሩን አውራ ከመንጋው ማውጣትን ተማረ። ጥቁርነት በጉን አያሳንሰውም፣ ሥጋውንም አይጎዳውም፤ በገበያ ምክንያት ብቻ ዘር የሚወሰንበት ግልጽ ምሳሌ ይህ ነው።

ሌላው ገበያውን የቀረጸው የጾም አቆጣጠር ነው። 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት የበግ ገዢ ያጣሉ፤ በፋሲካ ዋዜማ ግን ሁሉም ገዢ በአንድ ሳምንት ይመጣል። እንቁጣጣሽ፣ መስቀልና ገና፣ በሙስሊሙ ዘንድ ደግሞ አረፋ እንዲሁ ናቸው። ለፋሲካ የደረሰ ጠቦት ከሁለት ወር በኋላ ከሚደርሰው ጠቦት ጋር እኩል ዋጋ አያወጣም። ስለዚህ ገበሬው የሚመኘው ቶሎ የሚያድግ በግ ሆነ፤ ቶሎ ያደገው ደግሞ ቶሎ ይሸጣል። ምኞቱና ድርጊቱ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑት እዚህ ላይ ነው፤ ቶሎ የሚያድግ ዘር የሚፈልገው ገበሬ ቶሎ ያደገውን ሁሉ ከመውለዱ በፊት ለገበያ ያቀርባል።

በምሥራቁ ቆላ ታሪኩ የተለየ ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1839 ኤደንን ከያዙ በኋላ ለጦሩ ሥጋ የሚቀርበው ከበርበራ ወደብ ነበር። ራሱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ የሆነው የሶማሌ በግ በመርከብ ባሕሩን ይሻገር ጀመር። የባሕር ማዶ ገዢ የሚጠብቀው በግ አንድ ዓይነት መልክ እንዲኖረው ስለነበር አርብቶ አደሩ ይህን መልክ ጠብቆ ማቆየቱ ያዋጣው ነበር። ይህ በግ በዚያው ዘመን ወደ ደቡብ አፍሪካም ደርሷል፤ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በልጅ ልጆቹ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ይመለሳል።

ከ1950ዎቹ እስከ 1966፦ ፋብሪካው ጠጉር ሲፈልግ

በ1950ዎቹ ደብረ ብርሃን ላይ የሱፍ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቋቋመ። የመንዝ በግ ጠጉር ለባና እንጂ ለፋብሪካ ክር አይመችም፤ አጭር፣ ሻካራና በመጠን ጥቂት ነው። የመንግሥት ዕቅድ አውጪዎች ያገኙት መፍትሔ ዘሩን መለወጥ ነበር። በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ገደማ በደብረ ብርሃን የበግ ማርቢያና ማባዣ ጣቢያ ተከፈተ፤ በዚያና በተከታዩ ዘመንም ሜሪኖ፣ ኮሪዴል፣ ሮምኒና ሃምፕሻየር የተባሉ የውጭ ዝርያዎች ወደ አገር ገቡ። ከሁሉም በላይ የተጠበቀው ኮሪዴል ነበር። ኮሪዴል በኒውዚላንድ ሜሪኖንና ረጅም ጠጉር ያላቸውን የእንግሊዝ በጎች በማዳቀል የተገኘ ሲሆን ጠጉርም ሥጋም እንዲሰጥ የታሰበ ዝርያ ነው።

ዲቃላዎቹ በጣቢያው ውስጥ አደጉ፤ ጠጉራቸውም በዛ። ችግሩ የተፈጠረው ወደ ገበሬው ሲደርሱ ነው። ላት የላቸውም። መንዝ ውስጥ በመሐል ሜዳ ወይም በሞላሌ ገበያ ገዢው በግ ሲመርጥ መጀመሪያ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አከርካሪው በሥጋ መሸፈኑን ይዳብሳል፤ ቀጥሎ ላቱን ከሥር ደግፎ ክብደቱን ይመዝናል፤ መጨረሻ ላይ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ላት የሌለው በግ በሁለተኛው ፈተና ይወድቃል። ለፋብሪካው የሚሸጠው ጠጉር የሚያስገኘው ጥቂት ገንዘብ በላቱ ማነስ ከሚጠፋው ጋር አይመጣጠንም። ገበሬው ዲቃላውን አልቀበልም ያለው በዚህ ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡም ትክክል ነበር።

ከ1967 እስከ 1982፦ መሬት፣ ኮታና ድርቅ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የባለጉልቱን ድርሻ አስቀረ። በግ ለበዓል ማቅረብ፣ ለባለሥልጣን እጅ መንሻ መስጠት ቀረ፤ ይህ ለደጋው ገበሬ ትልቅ እፎይታ ነበር። በሌላ በኩል አዋጁ የቀሮን ሥርዓት አብሮ አፈረሰው። ጓሳ ጠባቂ አጣ፤ ሁሉም ባሻው ጊዜ የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ኋላ ላይ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ ቢያደራጀውም የክፉ ዓመት መኖ ዋስትናው በዚህ ጊዜ ክፉኛ ተናግቷል።

በደርግ ዘመን ገበሬው ለእህል ገበያ ድርጅት በተወሰነ ዝቅተኛ ዋጋ ኮታ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር። ውርጭ አዝመራውን የመታበት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት በግ ሸጦ እህል መሸመት ግድ የሚሆንበት ጊዜ ነበር። በግ እንደ እህል በኮታ ስላልተያዘ በነጻው ገበያ ገንዘብ የሚያስገኘው እሱ ነው። በዚህ መንገድ የኮታው ጫና የመጨረሻ ማረፊያው የበጉ መንጋ ሆነ፤ ወጥቶ የሚሸጠውም እንደተለመደው ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው ጠቦት ነው።

የ1977ቱ ድርቅ ነገሩን አባሰው። በድርቅ ጊዜ የገበሬው ችግር የበጉ መሞት ብቻ አይደለም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመሸጥ ሲወጣ የበግ ዋጋ ይወድቃል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ እህል ሲሸምት ደግሞ የእህል ዋጋ ይሰቀላል። ቀደም ሲል አንድ ጠቦት የሚያስገኘውን እህል ለማግኘት ሁለትና ሦስት መሸጥ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ወንዶቹ ይሄዳሉ፤ ቀጥሎ መካኖቹና ያረጁት፤ በመጨረሻ ገበሬው እያዘነ ወላዶቹን ያወጣል። ከድርቅ የተረፈ ሰው መንጋውን እንደገና የሚያቋቁመው ባገኘው በግ ነው። ብዙዎች በርቢ፣ ማለትም የሌላ ሰው በግ አርብቶ ግልገሉን በመካፈል ጀመሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ አውራ መምረጥ የሚታሰብ አይደለም።

መንግሥት በዚህ ዘመን መንዝ ውስጥ አመድ ጉያ ላይ ሌላ የበግ ማርቢያ አቋቋመ። ዕቅዱ ግን የቀድሞው ነበር፤ በጣቢያ የተወለደ ዲቃላ አውራ ለገበሬው ማከፋፈል። የገበሬውን የገንዘብ ችግር የሚነካ ነገር በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም።

ከ1983 እስከ 1992፦ ማዳበሪያና አዋሲ

ኮታው ከ1982 ዓ.ም የኢኮኖሚ ማሻሻያ ጋር ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ የገንዘብ ጥያቄ ተተካ። በ1980ዎቹ አጋማሽ አዲሱ የግብርና ኤክስቴንሽን ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ለገበሬው ማዳረስ ጀመረ፤ በ1989 ዓ.ም ደግሞ የማዳበሪያ ድጎማ ተነሣ። ብድሩ የሚከፈለው አዝመራ በተሰበሰበ ማግሥት ነው፤ ያን ጊዜ የእህል ዋጋ ዝቅተኛ ነው። እህሉን በርካሽ ከመሸጥ በግ መሸጥ ይሻላል፤ አዝመራው ከተበላሸም ከበግ ሌላ የሚሸጥ የለም። በዚያ ላይ የሕዝቡ ቁጥር እየጨመረ፣ ሜዳው እየታረሰ፣ ግጦሹ እየጠበበ ሄደ። ሰፊ መንጋ የነበረው ቤተሰብ በትንሽ መንጋ ተወሰነ፤ መንጋው ትንሽ ሲሆን የሚመረጡት ወንዶችም ጥቂት ናቸው።

ተመራማሪዎች ከኮሪዴል ውድቀት አንድ ነገር ተምረው ነበር። በዚህ ዘመን ፊታቸውን ያዞሩት ከእስራኤል ወደመጣው አዋሲ ነው። አዋሲ የመካከለኛው ምሥራቅ በግ ነው፤ ወተቱ ብዙ፣ ገላው ከመንዝ በግ እጥፍ በላይ ነው፤ ከሁሉም በላይ ላት አለው። ዲቃላው ለመንዝ ገበሬ ባዳ አልመሰለውም። በደብረ ብርሃን ዙሪያ መኖ የሚገዙና ለከተማ ገበያ የሚያደልቡ ገበሬዎች በአዋሲ ዲቃላ ደህና ትርፍ አግኝተውበታል፤ ዛሬም የሚፈልጉት አሉ።

ከፍ ወዳለው መንዝ ሲወጣ ግን ሒሳቡ ተለወጠ። ትልቅ ገላ ብዙ መኖ ይጠይቃል፤ በጋው ሲረዝም ዲቃላው ይከሳል፤ የመንዟ በግ ግን በገብስ ገለባና በደረቅ ሣር ትወጣዋለች። በአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል በደብረ ብርሃን የተደረጉ ጥናቶችም የመንዝ ግልገሎች ከወለጋው ሆሮ ግልገሎች ይልቅ በዚያ ብርድ የመትረፍ ዕድላቸው የተሻለ መሆኑን አሳይተዋል። ድሃው ገበሬ ዝርያ ሲመርጥ በጥሩ ዓመት የሚገኘውን ትርፍ ብቻ አያሰላም፤ በክፉ ዓመት የሚጠፋውን ያሰላል። አንዲት የሞተች በግ ለእሱ ከወንድሞቹ ወይም ከብድር ድርጅት ደጅ መቆም ማለት ናት።

ከዚያም በሽታ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ማዲ-ቪስና የተባለ፣ በቀስታ ሳንባን የሚያጠፋ የቫይረስ በሽታ በኢትዮጵያ በጎች ውስጥ መገኘቱን አሳወቀ። በሽታው የማርቢያ ጣቢያዎቹን ክፉኛ ነካ፤ መድኃኒትም ክትባትም ስለሌለው የአውራ ሥርጭቱ ተስተጓጎለ። አይስላንድም እ.ኤ.አ. በ1933 ከጀርመን ባስገባቻቸው የካራኩል በጎች ምክንያት በዚሁ በሽታ ተመትታ መንጋዎቿን በብዛት ማስወገድ ግድ ሆኖባታል። እዚያም ቢሆን በጎቹ የገቡት የገበሬውን ገቢ ለማሳደግ ነበር።

ከ1993 እስከ 2000፦ የባሕረ ሰላጤው ገበያና ዶርፐር

በ1993 ዓ.ም መጀመሪያ ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ የቁም እንስሳ እንዳይገባ ከለከለች። እገዳው እስከ 2002 ዓ.ም መጀመሪያ ገደማ ቆየ፤ በበርበራ በኩል ይላክ በነበረው የሶማሌ በግ የሚተዳደረውን አርብቶ አደር ክፉኛ ጎዳው። በሌላ በኩል በቢሾፍቱና በሞጆ የሚገኙ የኤክስፖርት ቄራዎች የቀዘቀዘ የበግና የፍየል ሥጋ በአውሮፕላን ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች መላክን እያስፋፉ ሄዱ።

እነዚህ ቄራዎች የሚፈልጉት ወጣት፣ ያልተኮላሸ ወንድ ነው። የሚያዘወትሩትም የቆላ በግና ፍየል ነው፤ የደጋው በግ ሥጋ ቶሎ ይጠቁራል የሚል ቅሬታ ስላላቸው ይሸሹታል። ስለዚህ የመንዝ ገበሬ ከዚህ ገበያ ያተረፈው ጥቂት ነው፤ አፋር፣ ሶማሌና ቦረና ግን የወንድ ግልገሎቻቸውን ከመቼውም ጊዜ ቀድመው መሸጥ ጀመሩ። በደጋው ፋሲካ ያደርገው የነበረውን በቆላው የኤክስፖርት ገበያ ዓመቱን ሙሉ አደረገው።

ለዚህ ገበያ የሚሆን ከባድ በግ ለማግኘት በአሜሪካ ርዳታ በተካሄደ የበግና የፍየል ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት በ1999 ዓ.ም ገደማ ዶርፐር ከደቡብ አፍሪካ መጣ። የዶርፐር ታሪክ ራሱ የገበያ ጫና ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የደቡብ አፍሪካ ገበሬዎች ትርፍ ሥጋቸውን ወደ ለንደን ሲልኩ የላታም በግ ሥጋ በዚያ ገዢ አላገኘም። በዚህ ጊዜ ዶርሴት ሆርን የተባለውን የእንግሊዝ በግ ጥቁር ራስ ፐርሺያን ከሚሉት በግ ጋር አዳቀሉ፤ ዶርፐር ተገኘ። ፐርሺያን ይባል እንጂ ያ ጥቁር ራስ በግ የተገኘው ከሶማሌ በግ ነው። ስለዚህ በ1999 ዓ.ም የመጣው እንግዳ ግማሽ ሥጋው ከአፍሪካ ቀንድ የወጣ ነበር። ዶርፐር ለዩኒቨርሲቲዎችና ለምርምር ማዕከላት ተከፋፈለ፤ ዲቃላዎቹ መኖ በሚገኝበት ቦታ ፈጥነው አደጉ። ይሁን እንጂ ንጹሑን ዝርያ ጠብቆ የማቆየትና አውራ በብዛት የማዳረስ ወጪ ከባድ ነበር፤ ለውጡም በአብዛኛው በማዕከላቱና በአካባቢያቸው ተወስኖ ቀረ።

ከ2001 ዓ.ም ወዲህ፦ አውራውን ከገበያ መግዛት

የታሪኩ ትልቁ መታጠፊያ የመጣው ጥያቄው ሲለወጥ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም የጠየቀው የትኛው ዝርያ ይሻላል ብሎ ነበር። በ2001 ዓ.ም በደረቅ አካባቢዎች የግብርና ምርምር ማዕከል፣ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ በቪየናው የተፈጥሮ ሀብት ዩኒቨርሲቲና በኢትዮጵያ የምርምር ተቋማት ትብብር የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ግን ጥሩው ጠቦት ለምን ይሸጣል ብሎ ጠየቀ። ሥራው በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር ተጀመረ። ከውጭ የሚመጣ በግ የለም፤ ምርጫው ከገበሬው ከራሱ መንጋ ነው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። በየመንደሩ የተመለመለ መዝጋቢ ለእያንዳንዱ ግልገል የጆሮ ቁጥር ይሰጣል፤ የተወለደበትን ቀን፣ እናቱን፣ የተወለደው ለብቻው ይሁን መንታ፣ ጡት ሲጥልና ስድስት ወር ሲሞላው የመዘነውን ይጽፋል። መዝገቡ ተሰልቶ በዘር ግምቱ የተሻሉት ወንዶች ይለያሉ። በምርጫው ቀን የመንደሩ ሰው ጠቦቶቹን ይዞ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ከገበሬዎች የተውጣጣ ኮሚቴ በቁጥር የቀደሙትን አንድ በአንድ እያየ ላታቸውን፣ ቀንዳቸውን፣ እግራቸውንና መልካቸውን ይመረምራል። በክብደት አንደኛ የወጣ ጠቦት መልኩ ጥቁር በመሆኑ ሊወድቅ ይችላል። ለአንዳንድ ባለሙያ ይህ ብክነት መስሎ ነበር፤ ግን የዚያ ጠቦት ልጆች ገበያ ላይ ዋጋ የማያወጡ ከሆነ ገበሬው አውራውን ለመንጋው አይፈልገውም።

ዋናው ነገር ከምርጫው በኋላ የሚሆነው ነው። የተመረጠውን ጠቦት የገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር ከተዘዋዋሪ ፈንዱ በገበያ ዋጋ ከባለቤቱ ይገዛዋል። ባለቤቱ ለማዳበሪያው ወይም ለልጁ ትምህርት የሚፈልገውን ገንዘብ በዕለቱ ያገኛል፤ አውራው ደግሞ ከመንደሩ አይወጣም። በቡድን የተደራጁ ገበሬዎች አውራውን በጋራ ይጠቀሙበታል፤ የቅርብ ዘመዳሞች እንዳይዳቀሉ በየጊዜው ወደ ሌላ ቡድን ይዛወራል። የአገልግሎት ጊዜው ሲያበቃ ይደልባል፣ ይሸጣል፤ ገንዘቡ ወደ ፈንዱ ይመለሳል። ያልተመረጡት ወንዶች ይኮላሻሉ ወይም ለበዓል ይሸጣሉ። ባለጉልቱ፣ ኮታውና የማዳበሪያ ዕዳው በየዘመኑ ሲጠይቁት የኖሩት ገንዘብ ለመጀመሪያ ጊዜ አውራውን ከመንደሩ ሳያስወጣ ተገኘ።

ውጤቱ በየአካባቢው ተለያየ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት የስድስት ወር ክብደት በዘር ምክንያት ብቻ በቦንጋ በየዓመቱ በአማካይ 0.21 ኪሎ፣ በሆሮ 0.18፣ በመንዝ 0.11 ኪሎ ጨምሯል። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ የዘር ለውጥ ግን እየተደራረበ የሚሄድና በመኖ እጥረት ተመልሶ የማይጠፋ ነው። ቦንጋ ከሁሉም የቀደመው በአጋጣሚ አይደለም። ቦንጋ ባለችበት በካፋ ዝናቡ አስተማማኝ ነው፤ በጎቹ ገላቸው ትልቅ፣ ላታቸው ረጅም ነው፤ መንታ መውለድም የተለመደ ነው። ማኅበራቱ አውራ ሸጪ እስከመሆን ደረሱ፤ ከካፋ ውጭ ያሉ ወረዳዎችና ፕሮጀክቶች የቦንጋ አውራ ፍለጋ ይመጡ ጀመር። ቀድሞ በሥጋ ዋጋ ይሸጥ የነበረ ጠቦት በዘሩ ዋጋ ሲሸጥ ገበሬው ጥሩውን ቤት ማቆየቱ ከመሸጥ በላይ የሚያዋጣ ሆነ።

በመንዝ ለውጡ ዝግ ያለ ነው፤ መሬቱና አየሩ ከዚህ በላይ አይፈቅዱም። የመንዝ ኮሚቴዎች የሚመርጡትም ትልቁን ብቻ አይደለም፤ የግልገል መትረፍ በዚያ ብርድ ከክብደት እኩል ይታያል። በአፋር ሥራው እንደሌሎቹ አልጸናም፤ መንጋው ግጦሽ ተከትሎ በሚንቀሳቀስበት አገር መዝገብ መያዝና አውራን በጋራ መጠቀም እጅግ ከባድ ነው።

መንግሥት ይህን አሠራር የአነስተኛ አመንዣኪ እንስሳት ዝርያ ማሻሻያ ዋና ስልት አድርጎ ተቀብሎታል፤ በደቡብ እስከ ዶዮገና፣ በሌሎች ክልሎችም ወደ አዳዲስ መንደሮች ደርሷል፤ ለፍየልም ውሏል። ይሁንና አገሪቱ ከ30 ሚሊዮን በላይ በግ አላት፤ በማኅበር የታቀፉት መንጋዎች ከዚህ ጥቂቱን ክፍል ብቻ የሚይዙ ናቸው። መዝጋቢው ደመወዝ ይፈልጋል፤ የተዘዋዋሪ ፈንዱ መነሻ ገንዘብ ከፕሮጀክት ነው የመጣው፤ ሁሉም ጠቦት በአንድ ጊዜ ለሽያጭ በሚወጣበት የድርቅ ዓመት ፈንዱ ሁሉንም መግዛት አይችልም። ከማኅበሩ ውጭ ባሉት መንደሮች አሁንም አውራ የሚሆነው ከፋሲካ ገበያ የተረፈው ጠቦት ነው።